በርሊንግተን፣ 1981፦ ከንቲባውን ያስመረጣቸው ስብዕናቸው ነው ወይስ የተፎካካሪያቸው ድምፅ መከፋፈል?

የመወያያ ሐሳቡ አቅራቢ፦

በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት፣ በቻምፕሌን ሐይቅ ዳር የምትገኘው በርሊንግተን በወቅቱ አርባ ሺህ የማይሞላ ነዋሪ ነበራት። እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1981 በተካሄደው የከንቲባ ምርጫ፣ ከተማዋን ለአምስት የሥራ ዘመን የመሩት ዴሞክራቱ ጎርደን ፓኬት በግል ዕጩው በበርኒ ሳንደርስ ተሸነፉ። ድምፁ በድጋሚ ከተቆጠረ በኋላ በሁለቱ መካከል የተገኘው ልዩነት 10 ድምፅ ብቻ ነበር። በዚሁ ምርጫ፣ በዴሞክራቶች የዕጩ ምርጫ በፓኬት የተሸነፉት የምግብ ቤት ባለቤት ሪቻርድ ቦቭ በግላቸው ቀርበው ከ1,000 በላይ ድምፅ ወስደዋል። ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ሳንደርስ ያሸነፉት ከተማው ስለ ወደዳቸው ሳይሆን የዴሞክራቶቹ ቤት ለሁለት ስለ ተከፈለ ነው። ስብዕናን እያነሣን የምናደርገው ውዳሴ ሁሉ ከውጤቱ በኋላ የተሠራ ነው እላለሁ።

የታሪክ መምህሩ፦

ወንድሜ፣ ሒሳቡን ከመሃል ጀመርህና መነሻውን ተውኸው። የቦቭ መራጮች ቦቭ ባይወዳደሩ ኖሮ ወደ ፓኬት ይመለሱ ነበር ብለህ በምን ታረጋግጣለህ? እነዚህ ሰዎች በአሮጌው ከንቲባ ተማርረው የወጡ ናቸው፤ ከፊሉ ከቤቱ ባልወጣ፣ ከፊሉም ለሳንደርስ በሰጠ ነበር። ደግሞም ሪፐብሊካኖች በዚያ ዓመት የራሳቸውን ዕጩ አላቀረቡም። ይህ የጠቀመው ፓኬትን እንጂ ሳንደርስን አይመስለኝም፤ ወግ አጥባቂው መራጭ በሶሻሊስትነት ከሚታወቅ ሰው ይልቅ ለኖረው ከንቲባ እንደሚያደላ መገመት አያዳግትም።

ሳንደርስ በ1970ዎቹ ለግዛቱ አገረ ገዥነትና ለሴኔት በትንሽ ፓርቲ ስም አራት ጊዜ ተወዳድረው እጅግ ጥቂት ድምፅ ነበር ያገኙት። ሰውየው ያው፣ አነጋገራቸውም ያው ነበር። የተለወጠው የሚያነሡት ጉዳይና የሚያነጋግሩት ሰው ነው፤ በግዛቱ መድረክ ስለ ሀብታምና ድሃ በጥቅሉ ይናገሩ የነበሩት ሰው፣ በበርሊንግተን ግን ፓኬት ስላቀረቡት የንብረት ግብር ጭማሪና በሐይቁ ዳርቻ ሊሠራ ስለ ታሰበው ግንባታ ከየቤቱ በር ላይ ቆመው ከነዋሪው ጋር ተነጋገሩ። የከተማው የፖሊሶች ማኅበር ሳይቀር ድጋፉን የሰጣቸው ደመወዛቸውንና የሥራ ሁኔታቸውን በሚመለከት ሰሚ በማጣታቸው ነው። ፖሊስ ለሶሻሊስት ዕጩ ድጋፍ ሲሰጥ፣ ነገሩን በድምፅ መከፋፈል ብቻ ማብራራት አይቻልም።

የምርጫ ሕግ ባለሙያዋ፦

መምህር፣ ስለ ፖሊሶቹ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን እዚያችው ከተማ ውስጥ የአቅራቢውን ሐሳብ የሚያጠናክር ሌላ ምርጫ አለ። በ2009 በርሊንግተን መራጩ ዕጩዎችን በደረጃ እያስቀመጠ በሚመርጥበት ሥርዓት ከንቲባዋን መረጠች። በመጀመሪያው ቆጠራ ሪፐብሊካኑ ከርት ራይት ቀዳሚ፣ የፕሮግረሲቭ ፓርቲው ቦብ ኪስ ሁለተኛ፣ ዴሞክራቱ አንዲ ሞንትሮል ሦስተኛ ሆኑ፤ ሞንትሮል ከወደቁ በኋላ የደጋፊዎቻቸው ድምፅ በየወረቀቱ ላይ ወደ ተጻፈው ቀጣይ ምርጫ ሲዘዋወር ኪስ አሸነፉ። ይሁን እንጂ የምርጫ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ሲመረመሩ፣ ሞንትሮል ከእያንዳንዳቸው ጋር ብቻ ለብቻ ቢቀርቡ ሁለቱንም ያሸንፉ እንደ ነበር ታወቀ።

አንድ የራይት ደጋፊ ወረቀት ላይ እንቁም። አንደኛ ራይት፣ ሁለተኛ ሞንትሮል ብሎ ጽፏል። ራይት እስከ መጨረሻው ዙር ስለ ቆዩ ሁለተኛ ምርጫው ፈጽሞ አልተቆጠረም፤ ይህ ሰው ሞንትሮልን አስበልጦ ቢጽፍ ኖሮ ቢያንስ የማይፈልጋቸውን ኪስን ለማስቀረት ይረዳ ነበር። ሞንትሮል ለብዙ ሰው ተስማሚ፣ ለጥቂት ሰው ግን የመጀመሪያ ምርጫ የሆኑ ሰው ነበሩ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው በትንሽ ከተማ ፖለቲካ ውስጥ ዘወትር ይጎዳል። እኔን በብርቱ የሚያሳስበኝም ይህ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት በሚተዋወቅበት ከተማ አስታራቂው ሰው እየወደቀ፣ ጠንካራ ወገን ያለው ሰው ያልፋል። በ2010 ነዋሪው ሥርዓቱን 52 በመቶ በሆነ ድምፅ ሻረው፤ ለዚህ የቆጠራው ነገር ብቻ ሳይሆን፣ በከተማዋ የቴሌኮም ድርጅት ገንዘብ አያያዝ የተነሣ በኪስ አስተዳደር ላይ የተፈጠረው ቁጣም ምክንያት ነበር።

የመወያያ ሐሳቡ አቅራቢ፦

እህቴ፣ ላቀረብሽው ማስረጃ አመሰግናለሁ፤ አቋሜንም የሚደግፍ ይመስለኛል። የሕዝቡ ፍቅር ሳይለወጥ የቆጠራው ሥርዓት ብቻ ሲለወጥ አሸናፊው የሚለወጥ ከሆነ፣ ወሳኙ ሒሳቡ ነው ማለት ነው።

የታሪክ መምህሩ፦

አልስማማም፤ ምክንያቴም የ1983ቱ ምርጫ ነው። ሳንደርስ ሥልጣን ሲይዙ ከ13ቱ የምክር ቤት አባላት ከጎናቸው የነበሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አብዛኛው ለሹመት ያቀረቧቸውን ሰዎች እንኳ ለማጽደቅ እምቢ አለ። ይህ እንቢታ ግን ተቃዋሚዎቹን ጎዳ፤ መራጩ የመሥራት ዕድል የተነፈገ ከንቲባ አድርጎ አያቸው። በ1983 ዴሞክራትም ሪፐብሊካንም ዕጩ አቀረቡባቸው፤ ብዙ አዲስ መራጭ ወጣ፤ ሳንደርስም በሦስት ሰው ፉክክር 52 በመቶ ያህል ድምፅ አገኙ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ሰው የተቀናቃኞቹ መከፋፈል አያስፈልገውም፤ ሁለቱ ተደምረውም አልደረሱበትም። በ1981 የተገኙት 10 ድምፆች በለስ የቀናቸው ናቸው ብትለኝ እስማማለሁ። ሁለት ዓመት ያህል መንገድ ሲጠርጉና በረዶ ሲያስነሡ፣ ከየሠፈሩ ነዋሪ ጋር ሲሰበሰቡ ያዩአቸው ሰዎች በ1983 የሰጧቸውን ድምፅ ግን በዚያው ስም ልትጠራው አትችልም።

የምርጫ ሕግ ባለሙያዋ፦

እንግዲያውስ ሁለታችሁም የተከራከራችሁት ስለ ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች ነው። የ1981ዱ ወደ ቢሮው ያስገባቸው ሲሆን፣ የ1983ቱ እዚያ ያቆያቸው ነው። ከተማዋ በ2021 ለምክር ቤት፣ በ2023 ደግሞ ለከንቲባ ምርጫ በደረጃ የመምረጡን ሥርዓት መልሳ ማጽደቋን ስናስብ፣ አቅራቢውን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። የቦቭ መራጮች በ1981 ሁለተኛ ምርጫቸውን የመጻፍ ዕድል ቢሰጣቸው ኖሮ፣ ከመካከላቸው ስንቱ ፓኬትን ይጽፍ ነበር? አሥር ሰው ብቻ ውጤቱን በሚወስንበት ምርጫ፣ መልሱን በግምት አስቀምጦ ሳንደርስ በስብዕናቸው አላሸነፉም ብሎ መደምደም አይገባም።