ካሎሪ ቀንሳችሁ ክብደቱ እምቢ ካለ፣ ገንዘባችሁን ምን ላይ ታውሉት?

"ምግብ ቀንሻለሁ፣ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ምን ልግዛ? ማን ጋ ልሂድ?" ለምትሉ ነው ይህን የምጽፈው። እኔም አራት ወር ሙሉ እዚያው ላይ ቆሜ ነበር። በቀን 1400 ካሎሪ ነው የምበላው ብዬ ከልቤ አምን ነበር፤ ልብሴ ግን ያው ነው።

ከሁሉም በፊት የምጠቁማችሁ በግራም የሚመዝን የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ትንሹ ይበቃል። የእኔን ችግር ያገኘው እሱ ነው፤ "ጠብ አደረግሁ" የምለው ዘይት ተመዝኖ ሲታይ በቀን 40 ግራም ሆኖ አረፈው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ስላለው 360 ካሎሪ ሳልቆጥረው በየቀኑ ይገባ ነበር ማለት ነው። ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በተባለ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት "ብቀንስም አልከሳም" የሚሉ ሰዎችን ሲከታተል፣ የሚበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 በመቶ አብዝተው እንደሚናገሩ አገኘ። ዓይን ካሎሪ አይመዝንም፣ በቃ።

ካሎሪ መቁጠሪያ አፕ? ሚዛን ካላችሁ ጥሩ ነው፣ በነፃ የሚገኘው ይበቃችኋል። ሚዛን ከሌለ ግን ግምታችሁን መመዝገብ ብቻ ነው። ብዙ አፖች ላይ ያለውን ቁጥር ተጠቃሚው ራሱ ስለሚያስገባው ከማሸጊያው ጋር አስተያዩት።

ስማርት ሰዓት እርምጃ ለመቁጠር ደህና ነው። "ይህን ያህል ካሎሪ አቃጥለሃል" የሚለውን ግን አትመኑት። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅ ላይ የሚታሰሩ 7 ዓይነት መሣሪያዎችን ፈትሸው ነበር፤ በካሎሪ በኩል የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ይሳሳት ነበር። ሰዓቱ 500 አቃጠላችሁ ብሏል ብላችሁ 500 መልሳችሁ ከበላችሁ ለምን እንደማትቀንሱ ይሄው።

ጂም ወይስ የሥነ ምግብ ባለሙያ? ጂም እወዳለሁ፣ ለጡንቻም ለልብም ነው። ግን አዲስ ስትጀምሩ ጡንቻ ውኃ ስለሚይዝ ሚዛኑ ለጥቂት ሳምንታት ሊጨምር ይችላል፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካላችሁ ባለሙያውን ምረጡ፣ እግር ጉዞ በነፃ ነው። ጥሩ ባለሙያ የሳምንት ምግባችሁን፣ እንቅልፋችሁን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ይጠይቃል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ የታተመ ዝርዝር ሰጥቶ የራሱን ዱቄት ሊሸጥልኝ ሞከረ። እንዲህ ያለ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

የሰውነት ክብደት መመዘኛ ሚዛን ካላችሁ ጠዋት ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ፣ ምንም ሳትበሉ ተመዘኑ። የአንድ ቀን ቁጥር አያስደንግጣችሁ፤ ጨውና የወር አበባ ብቻውን ኪሎ ያወዛውዛል። የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት ጋር አወዳድሩ። ወገባችሁን በሜትር ለኩ።

ስድስት ሳምንት እየመዘናችሁ በልታችሁም ምንም ካልተነቃነቀ ሌላ ዕቃ አትግዙ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) የደም ምርመራ፣ ቲኤስኤች የሚሉትን፣ ጠይቁ። የወር አበባችሁ የሚዛባ ሴቶች ስለ ፒሲኦኤስ (ሆርሞንና የወር አበባን የሚያዛባ የእንቁላል እጢ ችግር) አንሡ። ስቴሮይድ፣ ኢንሱሊንና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ፤ ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ሴማግሉታይድ የተባለው የክብደት መቀነሻ መርፌም የሚወሰነው እዚያው ሐኪሙ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ሙከራ የወሰዱት ሰዎች በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ያህል ክብደት ቀንሰዋል፤ ይሠራል፣ ከማይታወቅ ሻጭ እጅ ግን አይወሰድም።

የማቅጠኛ ሻይና እንክብል? እባካችሁ ተዉት። ብዙዎቹ ሻዮች የሚያስቀምጥ ቅጠል ናቸው፤ የሚወጣው ውኃ ነው፣ ስብ አይነካም። እንክብሉ ይብሳል። ሲቡትራሚን የተባለው መድኃኒት ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ "ተፈጥሯዊ" ተብለው በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ላብ የሚያወጣው ቀበቶም ያው ውኃ ነው።

የወጥ ቤት ሚዛኑን ገዝታችሁ ሁለት ሳምንት መዝግቡና ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን። ዘይቱን እንዳትረሱ።