የሚያሸንፈው ሩጫ ነው ወይስ ቅብብል?

የሰፈር አሰልጣኝ፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ጅማ ነው ያለሁት። ከ17 ዓመት በታች የኮጪ ሰፈር ልጆችን እግር ኳስ አሰለጥናለሁ። አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። በትልልቆቹ ክለቦች ደረጃ ጨዋታ የሚያሸንፈው ሩጫ ነው ወይስ ቅብብል? ለልጆቼስ የቱን ላስቀድም?

እሁድ ዕለት 2 ለ 0 ተሸነፍን። ኳሷ ግን ሙሉ ቀን እኛ እግር ስር ነበረች። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ ስላደረ ሜዳው ጨቅይቷል። በግራ መስመር በኩል ውሃ ያቆረ ቦታ አለ። ግራ ተከላካዬ ለአማካዩ ያቀበላት ኳስ እዚያ ውሃ ውስጥ ቀጥ አለች። ሁለቱም ቆመው አዩዋት። የእነሱ አጥቂ ከሩቅ ተነስቶ መጣ፣ ይዟት ሄደ፣ አገባ። ግራ ተከላካዬ 15 ዓመቱ ነው። እስከ ቤቱ ድረስ ቃል አልተነፈሰም።

ከጨዋታው በኋላ አንድ አባት «ልጆቹን ሩጫ አስተምራቸው፤ ቅብብል ጎል አይሆንም» አሉኝ። መልስ አጣሁላቸው።

ዳር ቆሞ ተመልካች፦
አባትየው ልክ ናቸው። የእንግሊዙን ክለብ ሌስተርን አስታውስ። በ2015/16 ፕሪሚየር ሊጉን ሲበላ በኳስ ቁጥጥርም በቅብብል ስኬትም ከሊጉ ግርጌ አካባቢ ነበር። አማካዩ ካንቴ ይነጥቃል፣ አጥቂው ቫርዲ ይሮጣል፣ አለቀ። ስፔን ደግሞ በ2018 የዓለም ዋንጫ ከሩሲያ ጋር ስትጫወት ከ1000 በላይ ኳስ ተቀባብላ 1 ለ 1 ወጣች። በመለያ ምት ተሸኘች። በ2022ም ጃፓን 18 በመቶ በማይሞላ የኳስ ቁጥጥር 2 ለ 1 አሸነፈቻት።

የቡና ደጋፊ፦
ያቺው ስፔን እኮ ነች በ2010 በዚሁ አጨዋወት የዓለም ዋንጫ ያነሳችው። ከጥሎ ማለፍ እስከ ፍጻሜ አራቱንም 1 ለ 0። እኛስ? በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2014 ማላዊ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስንረታ በጉልበት በልጠናት ነው? ዳዋና ሽመልስ ያገቡ ዕለት አልቅሻለሁ። ያ ቡድን ኳስ ይዞ መጫወት የማይፈራ ቡድን ነበር። ልጆቹን ኳስ አታስጠላቸው፣ አደራ።

የድሮ አማካይ፦
ወንድሜ፣ መልሱን አንተው ጽፈኸዋል። «ሁለቱም ቆመው አዩዋት» ነው ያልከው። ጥፋቱ ማቀበሉ ላይ አይደለም። ያቀበለው ልጅ ሥራዬ አለቀ ብሎ ቆመ። ተቀባዩ ኳሷ እስክትመጣለት ጠበቀ።

የአሰልጣኝ ጋርዲዮላን ባርሴሎና ሰው ሁሉ በቅብብሉ ያነሳዋል። ኳስ ሲነጠቁ ግን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ተረባርበው ነበር የሚያስመልሱት። ያ ሩጫ ባይኖር ቅብብሉም አይኖርም።

የራሳችንንም ልንገርህ። የጅማው ክለብ አባ ጅፋር በእኛ አቆጣጠር በ2010 ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ሲበላ አጥቂው ኦኪኪ 23 ጎል አገባ። እኔ ስታዲየም ስገባ ኳሷን ትቼ እሱን ነበር የማየው። ኳስ የሌለው ሰው ካልተንቀሳቀሰ ያዢው ለማን ይስጥ? ስለዚህ ልጆችህን ሜዳ ዙሪያ በባዶ አታስሩጣቸው። አቀብለው ይሩጡ።

የሰፈር አሰልጣኝ፦
ራሴ ጽፌው ሳላየው! እግዜር ይስጥልኝ።

ትናንት ሞከርነው። በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ አስቀመጥኩ። ያቀበለ ልጅ አንዱን ድንጋይ ሳይነካ ኳስ መልሶ አይቀበልም። ተቀባዩም ቆሞ ከጠበቀ ኳሷ ለሌላው ቡድን ትሰጣለች። መጀመሪያ ተምታታባቸው፣ ሁለቱ ተጋጭተው ወደቁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን የሆነ ነገር ገባቸው። ያ ግራ ተከላካይ ውሃው ጋ የቀረች ኳስ ላይ ሁለቴ ቀድሞ ደረሰ። በሁለተኛው ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት።

አሁን አንድ ነገር ቀርቶኛል። እንዲህ ሲጨቀይ ኳሷን ከመሬት ከፍ አድርገው እንዲያቀብሉ ልፍቀድላቸው? ወይስ ልማድ ይሆንባቸዋል? እሁድ ሌላ ጨዋታ አለን፣ ሰማዩ ደግሞ ከአሁኑ ጠቁሯል።