ለፕሌይስቴሽን 2 ኢሙሌተር የትኛውን ኮምፒውተር ልግዛ?

ሰላም ጓዶች፣ ግራ ገብቶኛል። በላፕቶፔ ፒሲኤስኤክስ2 (የፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታዎችን በኮምፒውተር የሚያስኬድ ኢሙሌተር) ላይ ጎድ ኦፍ ዋር 2ን ስጫወት ጠላት ሲበዛ ፍጥነቱ ከ60 ፍሬም ወደ 35 ይወርዳል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ኢኢ (የፕሌይስቴሽኑን ፕሮሰሰር የማስመሰል ሥራ) የሚለው 100 ፐርሰንት ሲደርስ ጂኤስ (የግራፊክስ ሥራ) የሚለው 30ን እንኳ አያልፍም፣ ሪዞሉሽን ብቀንስም ለውጥ የለም፤ ስለዚህ ያነቀኝ ፕሮሰሰሩ ነው።

አሁን ሁለት ያገለገሉ ዴስክቶፖች አግኝቻለሁ። አንዱ ኮር አይ5-3470 ከጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ ጋር፣ ሌላው ኮር አይ3-10100፣ ግን ካርድ የለውም። ሻጩ አይ5 ይበልጣል ብሎ ድርቅ ብሏል፤ የ2012 አይ5 ግን በአንድ ኮር ፍጥነት የ2020ውን አይ3 አይደርስበትም፣ ኤቪኤክስ2 የሚባለው ስሌት የሚያፋጥን የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስብስብም የለውም። ካርዱ ደግሞ በጣም ያጓጓል!

አይ3ውን ወስጄ ካርዱን ቀስ ብዬ ብገዛ ይሻላል? እስከዚያስ አይ3ው ውስጥ ያለው ግራፊክስ፣ ዩኤችዲ 630፣ በኦሪጅናሉ ሪዞሉሽን ይችለዋል? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ሻጩ የሚጠብቀኝ እስከ ቅዳሜ ነው።