12ኛ ክፍል ነኝ፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ አባቴ ደግሞ ዶክተር ሁኚ ይላል

የደብረ ብርሃኗ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ማትሪክ ሁለት ወር ተኩል ቀርቶታል። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ነው የማጠናው። እንቅልፍ ሲጥለኝ እግሬን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ እነክራለሁ (የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ)። አሁን ነገሩ ተገለባበጠ። መጽሐፉን ዘግቼ ስተኛም እንቅልፍ አይመጣም። ልቤ ድው ድው ይላል። በመጀመሪያው ሞዴል ከ600 318 አምጥቼ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ሁለተኛው 271 ሆነ። ሒሳብ ላይ የማውቀውን ጥያቄ ሦስቴ አንብቤ ምን እንደሚል አልገባኝም።

አባቴ ደግሞ "ልጄ ዶክተር ነው የምትሆነው" ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል። እኔ ደም ሳይ ያዞረኛል። የምወደው ሒሳብና ኮምፒውተር ነው።

ሦስት ነገር ንገሩኝ። እንቅልፌን እንዴት ልመልስ? ማለፊያው፣ ግማሹ 300 ባይመጣስ? አባቴንስ ምን ልበለው?

አራዳው ልጅ

እህት ዓለም፣ ከፋርማሲ የእንቅልፍ ኪኒን ግዢና ለጥ በይ። እኔ በፈተና ሰሞን እሱን ነበር የማደርገው፤ ችግር የለውም።

ሲስተር ነኝ

ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ይሄ ምክር አይሆንም። የእንቅልፍ ኪኒን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም። ሱስ ያስይዛል፤ በማግስቱም ጭንቅላት ያፈዛል። ለተፈታኝ ደግሞ ማፍዘዙ ብቻውን ይበቃል።

የኔ እህት፣ በአንቺ ዕድሜ ያለ ሰው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ቀን የተጠናው ነገር ጭንቅላት ውስጥ የሚደላደለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሳፋውን ዛሬውኑ ወደ ልብስ ማጠቢያነቱ መልሺው። የምትነሺበትን ሰዓት አትቀያይሪ፤ ቅዳሜም እሑድም አንድ ይሁን። አልጋ ላይ አታጥኚ። እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሺና ደብዘዝ ያለ ብርሃን ውስጥ ቁጭ በይ፤ ሲጫጫንሽ ተመለሺ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቡና በስንት ሰዓት ነው የምትጠጪው? ጫትስ? አልፈርድብሽም፣ ተማሪ ቤት ያለውን አውቃለሁ።

የደብረ ብርሃኗ

ኧረ ጫት አልቅምም። ቡና ግን እናቴ ማታ 1 ሰዓት ላይ ታፈላለች። አቦልና ቶና እጠጣለሁ፣ ለጥናት ብዬ።

ሲስተር ነኝ

አገኘነው እኮ! ቡና ከጠጣሽ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ደምሽ ውስጥ ነው። የማታ 1 ሰዓቱ አቦል እኩለ ሌሊት ላይ አብሮሽ ቁጭ ብሏል ማለት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና አትንኪ። ቡናው ላይ ከእናትሽ ጋር መቀመጡን ግን አትተዪ፤ ፈንዲሻውን ብዪ፣ ተጫወቺ።

ለሁለት ሳምንት ሞክረሽው ካልተሻለሽ፣ ምግብ ከጠላሽ፣ ወይም "ባልኖር ይሻላል" የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ለእናትሽ ነግረሽ ሆስፒታል ሂጂ። የልብ ምትሽንም ይዩልሽ፤ ደም ማነስም ልብን ያስመታል።

የፊዚክስ መምህር

ልጄ፣ 318 ያመጣው ጭንቅላት የትም አልሄደም። የወረደው ደክሞት ነው። እኔ ክፍል ውስጥ በየዓመቱ የማየው ይህንኑ ነው፦ ጎበዟ ልጅ በሚያዝያ ትዝላለች፣ "አልበቃኝም" ብላ ሰዓት ትጨምራለች፣ የባሰ ትወርዳለች።

ፈተናው ከባድ መሆኑን አልደብቅሽም። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ነበር። በአንድ ሞዴል 300 ማለፍሽ ቀላል ነገር አይደለም ልልሽ ነው።

ከአሁን ወዲያ አዲስ ምዕራፍ እያሳደድሽ አትሩጪ። ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ሰዓት ይዘሽ ሥሪ፤ ያውም ጠዋት፣ ፈተናው በሚሰጥበት ሰዓት። የተሳሳትሽውን ብቻ የምትጽፊበት አንድ ደብተር ይኑርሽ። ገጹን ለሁለት ክፈይው፦ በግራ በኩል ጥያቄው፣ በቀኝ "ለምን ተሳሳትኩ?" ብዙው ስህተት "አላውቀውም" ሳይሆን "ቸኮልኩ" ሆኖ ታገኚዋለሽ። ፈተና ላይ አእምሮሽ ባዶ ሲሆንብሽ ደግሞ ከዚያ ጥያቄ ጋር ግብግብ አትግጠሚ። እርሳሱን አስቀምጪ፣ ቀስ ብለሽ አምስት ጊዜ ተንፍሺ፣ እለፊው፣ የምታውቂውን ሠርተሽ ተመለሺበት።

በቴሌግራም "ፈተናው ወጥቷል" የሚሉትን ደግሞ ከስልክሽ አጥፊ። ገንዘብሽንም እንቅልፍሽንም ነው የሚወስዱት።

ሬሜዲያል ያለፈ

300 ባይመጣስ ላልሽው እኔ ልመልስ። እኔ አልመጣልኝም። ውጤት የታየ ቀን ሽንት ቤት ገብቼ ቆልፌ ነው ያለቀስኩት። ከዚያ የሬሜዲያሉ መቁረጫ ነጥብ ወጣ፣ ደረሰኝ። ወራት የሚፈጅ ማጠናከሪያ ነው፤ መጨረሻ ላይ ፈተና አለ፣ እሱን ካለፍሽ ፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት) ትገቢያለሽ። አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ፤ ዶርም ውስጥ ማን በቀጥታ ማን በሬሜዲያል እንደገባ የሚጠይቅ የለም። መቁረጫው ግን በየዓመቱ ይለያያልና የትምህርት ሚኒስቴርን ማስታወቂያ ተከታተዪ፤ ወሬ አትስሚ።

ሽቦ ቀጣይ

ቴክኒክና ሙያንም አትናቁት። ዩኒቨርሲቲ ያልገባሁ ጊዜ ዘመድ ሁሉ ለቅሶ ሊደርሰኝ ምንም አልቀረውም። ኤሌክትሪክ ተማርኩ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈትኜ ብቃቴን አረጋገጥኩ። ዛሬ ሕንፃ እየዞርኩ መስመር እዘረጋለሁ፣ ሁለት ልጆች ቀጥሬያለሁ። ሒሳብና ኮምፒውተር ለምትወድ ልጅ እዚያም አይቲ አለ።

የሦስት ልጆች እናት

ለአባትሽ የሚሆነውን እኔ ልበልሽ፤ እኔም በልጄ ላይ አድርጌዋለሁና። አባትሽ "ዶክተር" ሲል "ልጄ እንዳትቸገር" ማለቱ ነው። ፊት ለፊት "አልሆንም" ካልሽው ይከፋል፤ ጎረቤት ፊት ደግሞ ጨርሶ እንዳትሞክሪው።

ደግሞ እኮ ዛሬ የምትጣሉበት ነገር የለም! ማትሪክ እንዳለፍሽ በቀጥታ ሕክምና አትገቢም። መጀመሪያ ፍሬሽማን ነው። የትምህርት ክፍል የሚመረጠው ከዚያ በኋላ፣ በውጤትና በፍላጎት ነው። "አባዬ፣ አሁን ማትሪኩን ልለፍ፤ ፍሬሽማን ስጨርስ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን" በይው። እውነትም ነው፣ ክብሩንም ይጠብቃል። ደም እንደሚያዞርሽ ግን ከአሁኑ በጨዋታ መሐል ጣል አድርጊለት፤ ቀስ እያለ ይለምደዋል።

የፊዚክስ መምህር

እናታችን ያሉት ትክክል ነው። አንድ ልጨምር፦ ቴክኖሎጂ ከፈለግሽ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው። የምዝገባ ማስታወቂያቸው እንዳያመልጥሽ።

የደብረ ብርሃኗ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከጻፍኩ 9 ቀን ሆነ። የማታውን ቡና ትቼ ለሦስት ቀን ራሴን ሲያመኝ ነበር፣ አሁን ተወኝ። ማታ 4 ሰዓት እተኛለሁ። አንዳንድ ቀን አሁንም እገላበጣለሁ፤ ትናንት ግን እናቴ ቀስቅሳኝ ነው የተነሣሁት። ደብተሩን ጀመርኩ፤ ከ31 ስህተት 19ኙ "ቸኮልኩ" ነው።

አባቴን እትዬ እንዳሉኝ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ "ፍሬሽማን ስንት ጊዜ ነው?" አለኝ። ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?

የሦስት ልጆች እናት

ጥሩ ነው። ቀን እየቆጠረ ነው ማለት ነው፤ ተዪው ይቁጠር።

የደብረ ብርሃኗ

እሺ እትዬ። መጨረሻ አንድ ጥያቄ፦ ለፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን ስናድር ምን ልያዝ? ቤት ካልሆነ መተኛት አልችልም፣ እሱ አስጨንቆኛል።

የፊዚክስ መምህር

የራስሽን አንሶላና ብርድ ልብስ ያዢ፤ የለመድሽው ጨርቅ ይረዳል። ጆሮ የሚደፍን ጥጥ፣ ነጠላ ጫማ፣ የፈተና መግቢያ ካርድሽ፣ መታወቂያሽ። ስልክ ስለማይፈቀድ ቤት ተዪው። ዶርም ውስጥ ሌሊቱን ካላጠናን የሚሉ ልጆች አይጠፉም፤ በሩ አጠገብ ያለውን አልጋ ለእነሱ ልቀቂላቸው።