አሉምናይ የሚባለው የተመረቀው ነው ወይስ የተማረው?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ረቂቅ ደንብ አንቀጽ 3 «አሉምናይ ማለት ከትምህርት ቤቱ የተመረቀ ሰው ነው» ይላል። ሳይጨርሱ የወጡት አባል ይሁኑ አይሁኑ? ቲሸርቱም ሊታተም ነው። ተከራከሩ፣ ስድብ ግን የለም።

ቲቸር፦ መጀመሪያ ቃሉ ይስተካከል። አንድ ሰው «አሉምናይ ነኝ» አይልም። በላቲን ወንዱ አሉምኑስ፣ ሴቷ አሉምና ናት። ወንዶች ወይም ድብልቅ ከሆኑ አሉምኒ፣ ሴቶች ብቻ ከሆኑ አሉምናይ። እኛ ከእንግሊዝኛው አነባበብ ስለወሰድነው ተገለባብጧል፤ የጥንት ሮማዊ ቢሰማን የሴቶች ማኅበር ያቋቋምን ይመስለዋል። ቲሸርቱ ላይ «አሉምናዮች» ከተጻፈማ እኔ አልለብስም!

የሠፈር ልጅ፦ ቲቸር፣ «አጀንዳ»ም በላቲን ብዙ ቁጥር ነው። አጀንዳዎች ስንል ማን ከሰሰን? «መላእክቶች»፣ «መምህራኖች» እያልን ስንት ዘመን ኖርን!

ቲቸር፦ እሱም ስህተት ነው።

የሠፈር ልጅ፦ 😂 እሺ።

ጋሼ ዘማች፦ ልጆች፣ ቲሸርቱን ተዉት። እኔ 11ኛን የጨረስኩት በ1966 ነው። 12ኛ ልገባ ስል እድገት በኅብረት መጣ፤ ታኅሣሥ 1967 ከፋ ተመደብኩ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና አስተማሪ ነው የዘመተው። ፊደል አስቆጠርን፤ የካቲት 25 የመሬት አዋጁ ሲወጣ ገበሬ ማኅበር አደራጀን። ስመለስ አገሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። በ1969 እንኳን መማር፣ ደብተር ይዞ መንገድ ላይ መታየትም ያስፈራ ነበር። ማትሪክ ሳልወስድ ቀረሁ። የ11ኛ ክፍል ሪፖርት ካርዴ አሁንም አለ፤ «ወደ 12ኛ ተዛውሯል» ይላል። ከክፍላችን ማትሪክ ያልደረሰው እኔ ብቻ መሰልኳችሁ? ያለቁትንም ከመዝገብ ፋቋቸው እንግዲህ።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ እርስዎን ማን ደፍሮ ይከለክላል! የኔ ስጋት ሌላ ነው። ሁለት ወር ተምሮ የለቀቀ ሁሉ መጥቶ ለቦርድ ልወዳደር ቢል በምን እንመልሰዋለን? ምረቃ ቢያንስ ማስረጃ አለው።

ዲሲ፦ ማስረጃ ከሆነ የክፍል ሮስተር ምን አለው? ለማንኛውም ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ሲገደል የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። ዲግሪ አልያዘም። የስድስት ኪሎ ልጅ አይደለም የሚል ደፋር ካለ እጁን ያውጣ። እዚህ አሜሪካም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያልጨረሰውን ጭምር አሉምናይ ብለው ይመዘግባሉ፤ መዋጮ ሲሰበስቡማ በተለይ አይረሱትም።

ቲቸር፦ በዚህ ላይ ላቲኑም ከጋሼ ጋር ነው። አሉምኑስ የመጣው «መገበ፣ አሳደገ» ከሚለው ግስ ነው፤ የማደጎ ልጅ እንደ ማለት። ስለ መጨረስ የሚናገር ነገር የለውም። ጨራሹን የሚለየው የኛው «ምሩቅ» ነው፤ ተመርቆ የወጣ። ደንቡ የአንዱን ቃል ትርጉም ለሌላው ሰጥቶታል። «የቀድሞ ተማሪ» ቢባል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

እትዬ፦ «የቀድሞ ተማሪ» ለሴትም ለወንድም ይሆናል፤ ላቲን መቁጠሩም ይቀርልናል። ቲሸርቱ ላይ እሱ ይጻፍ።

የሠፈር ልጅ፦ እትዬ፣ «አሉምናይ» ካልተባለ ስፖንሰር አይመጣም 😅

ጸሐፊ፦ እሺ፣ አንቀጽ 3ን እንዲህ ላሻሽለው፦ አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ተምሮ ስሙ በሮስተር ላይ ያለ ሁሉ አባል ነው፤ ይመርጣል፣ ይመረጣል። «የተመረቀ» የሚለው ይወጣል። ተቃዋሚ?

ቲቸር፦ የለኝም። ርዕሱ ላይ ያለው «አሉምናዮች» ግን ይታረም።

ጋሼ ዘማች፦ እኔም የለኝም። የማታ ተማሪዎችስ? በዚያው ግቢ፣ በዚያው ወንበር ነው የተማሩት።

ጸሐፊ፦ የማታው ሮስተር ለብቻው ነው የተቀመጠው ጋሼ። ሰኞ መዝገብ ቤት ሄጄ አያለሁ።