«ዕዳ ከሜዳ» ያልከው ምኑን ነው?

የሽሮ ሜዳዋ፦ ትናንት በዚህ ገጽ የተጻፈው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የበርሊኗ ፖለቲከኛ ሳውሳን ሼብሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ያነሳችው ሐሳብ ነው የተነቀፈው። ጀርመን የሚኖር ሁሉ፣ አዲስ መጪውም ጭምር፣ ቢያንስ አንዴ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ሄዶ ይይ ነው ያለችው። እሷ ራሷ ሙስሊም ናት፤ የፍልስጤም ስደተኞች ልጅ። መልሱ «ለእኛ ዕዳ ከሜዳ ነው» ሆነ። ናዚ የፈጃቸው የ6 ሚሊዮን አይሁድ ሞት ዕዳ ከሜዳ ይባላል?

የሐረሩ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሞቱን መች ካድኩ? ግዴታውን ነው ያልኩት። ይህ ነገር በትምህርት ቤት በተነሳ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ልጄን ያየዋል። ሙስሊም ስለሆነ ብቻ! በአይሁድ ላይ ያለውን ጥላቻ እኛ ይዘን የመጣን ይመስል።

የሽሮ ሜዳዋ፦ እሱ ነውር ነው፣ አብሬህ እቃወማለሁ። «ዕዳ ከሜዳ» ግን አይዋጥልኝም። በርሊን አጠገብ ያለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ፣ ዛክሰንሃውዘን፣ ሄጃለሁ። የጫማ መሞከሪያ መንገድ አለ፤ ጠጠር፣ አሸዋ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት። እስረኞቹ ሶል ለመፈተን በቀን እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይነዱበት ነበር። እዚያ ቆመህ ድገመው እስቲ።

የካሳንቺሱ፦ የየካቲት 12ን ሰማዕታት የትኛው የአውሮፓ ተማሪ ያውቃል? መጀመሪያ የእኛን ያስተምሩ።

የጎንደሯ፦ ወንድሜ፣ እሱን ካነሳህ ሙሉውን እናንሳ። ከየካቲት 12 በሁለት ወሩ ሙሶሊኒ ጣሊያናዊ ከሐበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በሕግ ከለከለ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ያው እጅ ወደ አይሁድ ዞረ። ከትምህርት ቤት አባረራቸው፤ ከሌላው ጣሊያናዊ ጋር መጋባትም ከለከላቸው። የእኛና የእነሱ ብለህ የምትከፍለው የቱ ጋ ነው?

የካሳንቺሱ፦ አይሁድን አልነካሁም። መረሳታችን ነው የሚያንገበግበኝ።

የሐረሩ፦ ማስተማር ከሆነ ሞሐመድ ሄልሚን ያስተምሩ። ግብጻዊ ሐኪም ነው፤ በናዚ ዘመን እዚሁ በርሊን አይሁዳዊት ልጅ ደብቆ አትርፏል። የእስራኤሉ የጭፍጨፋው መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም እ.ኤ.አ. በ2013 አይሁድን ካተረፉ አረቦች የመጀመሪያው ተሸላሚ አድርጎ አከበረው። የልጄ መምህርት አንድ ቀን ስሙን አላነሳችም።

የሽሮ ሜዳዋ፦ ቤተሰቡ ሽልማቱን ከእስራኤል አንቀበልም ማለቱስ?

የሐረሩ፦ በ2017 ዘመዱ በርሊን ላይ ተቀብሏል። ምነው እህቴ፣ ግማሹን ብቻ?

የጎንደሯ፦ በርሊን ውስጥ ኢማምና ረቢ አብረው ክፍል እየገቡ የሚያስተምሩበት ፕሮግራም አለ። ልጅ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ይጠይቃል። ይሄ ይስፋፋ።

የሐረሩ፦ በዚህ እስማማለሁ። ካምፑ ግን በፈቃድ ይሁን።

የሽሮ ሜዳዋ፦ በፈቃድ ከሆነማ ዋናው የሚያስፈልገው ልጅ አይሄድም።

የሐረሩ፦ «የሚያስፈልገው ልጅ» ስትይ የማንን ልጅ ነው?