ለኪችን ማርብል ወይስ ግራናይት? ወለሉስ ምን ይሻላል?

አዲስ_ቤት፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየማችንን ፊኒሺንግ ልናሠራ ነው እና ከባለቤቴ ጋር መስማማት አቅቶናል። እሱ ለኪችኑ ነጭ ማርብል ነው የሚለው፣ እኔ ግራናይት ይሻላል ባይ ነኝ ምክንያቱም እኛ ቤት ወጥ በየቀኑ ይሠራል፣ እርዱ በርበሬው ዘይቱ ሎሚው ሁሉም እዛው ላይ ነው የሚያርፈው። ለወለል ሱቅ ስንዞር የሚያብረቀርቅ ፖርሴሊን የሚባል የሴራሚክ ዓይነት አሳዩን፣ በጣም ያምራል፣ ግን ትንንሽ ልጆች አሉን እናቴም ከኛ ጋር ናት ጉልበቷን ያማታል፣ ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል ወይ? ባለቤቴ ደግሞ ሳሎኑን ላሚኔት እናድርገው ይላል። እማዬ ወለል በውሃ ካልታጠበ የፀዳ አይመስላትም፣ ውሃ ደፍታ በረኪና ጨምራ ነው። የምታውቁ እስቲ ምከሩን 🙏

ሴራሚክ_ሠሪ፦
እህቴ ቀለሙን ተይውና መጀመሪያ ቤቱ እንዴት ነው የሚፀዳው የሚለውን አስቢ። እናትሽ ውሃ ደፍተው የሚያጥቡ ከሆነ ላሚኔቱን እርሱት። ውስጡ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው፣ ውሃ በመጋጠሚያው ከገባ ጠርዙ ያብጥና ይነሳል፣ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ቡና ሲፈላ ፍም ከወደቀበትም ጠባሳው ይቀራል። ፖርሴሊን ውሃ የመምጠጥ መጠኑ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም ስለዚህ ለእናንተ ቤት እሱ ነው ትክክለኛው፣ ግን የሚያብረቀርቀውን ሳይሆን ማት የሆነውን ውሰዱ። ካርቶኑ ላይ አር 9፣ አር 10፣ አር 11 የሚል ካለ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ማንሸራተቱ ይቀንሳል፣ ለሻወር ቤትና ለኪችን ከአር 10 በታች እንዳትገዙ። ሌላው ለቁርጥና ለስብራት 10 በመቶ ጨምራችሁ ግዙ፣ ካርቶኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የምርት ቁጥር እንዳላቸው እያያችሁ፣ ካልሆነ ቀለሙ ለየት ይላል፣ በኋላ ተመሳሳዩን ፍለጋ መርካቶን ብትዞሩም ላታገኙት ትችላላችሁ።

የወጥ_ቤት_ሰው፦
ስለ ማርብሉ እኔ ልናገር፣ እናቴ ቤት አለ ስለዚህ በደንብ ነው የማውቀው። ማርብል ማለት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ አሲድ ሲነካው ይበላል። ሎሚ ጨምቀሽ ጠብታው ትንሽ ከቆየ፣ ስትጠርጊው የደበዘዘ ክብ ነገር ይቀራል፣ በጣትሽ ስትዳብሺው ሻካራ ነው። ያ ቆሻሻ አይደለም፣ የድንጋዩ ላይኛው ገፅ ተበልቶ ነው፣ ስለዚህ በሳሙና ብትፈትጊው ብትፈትጊው አይለቅም፣ መፍትሄው በባለሙያ እንደገና ፖሊሽ ማስደረግ ብቻ ነው። ቲማቲምም ኮምጣጤም ያው ናቸው። ነጭ ከሆነ ደግሞ እርድ ሲደፋበት አስቢው! ግራናይት አሲዱን ይችላል፣ ጥንካሬውም ከማርብል በብዙ ይበልጣል፣ ግን እሱም ዘይት ሊጠጣ ይችላል በተለይ ቀለሙ ፈዛዛ የሆነው። ከመግዛትሽ በፊት ቁራጭ ለምኚና ውሃ ጠብ አድርጊበት፣ 15 ደቂቃ ጠብቀሽ ከስሩ ከጠቆረ ይጠጣል ማለት ነው፣ ሲለር (እንዳይጠጣ የሚከላከል ቅብ) ማስቀባት አለብሽ። ዘይት ከገባበት ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሰሽ ወፈር አድርገሽ ለጥፊበት፣ በፕላስቲክ ሸፍነሽ አሳድሪውና በነጋታው ጥረጊው፣ አንዴ ካልለቀቀ ድገሚው።

ከቨርጂኒያ፦
እዚህ ብዙ ሰው ኳርትዝ ነው የሚያስገባው፣ የኛም እሱ ነው፣ ሲለር የለ ምን የለ፣ በርበሬም እርድም ቶሎ ከተጠረገ ምንም አይለው። በጀት ካላችሁ እሱን እዩት።

ሴራሚክ_ሠሪ፦
ከቨርጂኒያ እውነት ነው ግን ኳርትዝ የድንጋይ ብናኝ በሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ማጣበቂያ) ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ ሙቀት አይወድም፣ ከእሳት የወረደ ድስት በቀጥታ ከተቀመጠበት ሊቃጠል ይችላል፣ እኛ ደግሞ ድስት አውርደን ጎን ማድረግ ልማዳችን ነው። ሌላም ነገር አለ፣ ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራ ውስጥ ሲሊካ የሚባለው ማዕድን በጣም ብዙ ነው፣ የሠራተኛውን ሳንባ ነው የሚጎዳው፣ አውስትራሊያ በዚህ ምክንያት ከሐምሌ 2024 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ አግዳዋለች። ግራናይትም ሲሊካ አለው፣ ስለዚህ የትኛውንም ብታስቆርጪ ሠራተኞቹ በውሃ እያራሱ እንዲቆርጡ፣ ማስክም እንዲያደርጉ በጥብቅ ንገሪያቸው፣ ቤት ውስጥ በደረቁ እንዳታስቆርጪ ልጆችም አሉሽ።

ፅዱ_ቤት፦
እኔ ስለ በረኪናው ነው ያሳሰበኝ። ፊኒሺንግ ሲያልቅ ሠራተኞች ሲሚንቶውን ለማስለቀቅ አሲድ ይደፋሉ፣ ከዛ እናት ገብተው በረኪና ከደፉበት ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሻወር ቤት በር ተዘግቶ ከሆነ በጣም አደገኛ ነው። ከኮምጣጤም ከሌላ የሽንት ቤት ማፅጃም ጋር እንዳይቀላቀል። ፖርሴሊን ለየቀኑ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይበቃዋል፣ ሳሙና ከበዛ ራሱ ያንሸራትታል አቧራም ይይዛል፣ ስለዚህ በንፁህ ውሃ ደግማችሁ ወልውሉት። ግራናይቱንም በሽቦ አትፈትጉት።

አዲስ_ቤት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ለባለቤቴ አስነበብኩት፣ ማርብሉም ላሚኔቱም ቀረ 😊 ግን እማዬ በረኪናውን አትተውም፣ በመጋጠሚያው መሃል ያለው ነጭ ነገር አይበላም ወይ?

ሴራሚክ_ሠሪ፦
በየቀኑ ከሆነ ውሎ አድሮ ይጎዳዋል፣ ያውም ነጭ ስታደርጉት ቶሎ ይጠቁርና በረኪናው ይበዛበታል። ግራጫ አስደርጊው፣ ሻወር ቤትና ኪችን ላይ ደግሞ ኤፖክሲ የሚባለውን የመጋጠሚያ መሙያ ጠይቂ፣ ዋጋው ወደድ ይላል ግን ውሃ አይጠጣም። በረኪናውን ሻገታ ሲኖር ብቻ፣ በውሃ አቅጥነው፣ መስኮት ከፍተው ይጠቀሙ በያቸው።